«ውጡ!» ያላለው አርሊንዶ

4.

እጁን አነሳ። ኳሷ ግን መረብ ውስጥ ነበረች።

(ለምን ከአራት ጀመርክ ትሉኝ ይሆናል። የአርሊንዶ የማልያ ቁጥር አራት ስለነበረ ነዋ! ሦስትስ የት ገባ ብላችሁ ደግሞ አታስቸግሩኝ፤ ተራው ሲደርስ ይመጣል።)

5.

ለክለቡ የመቶኛ ዓመት መጽሐፍ የሚሞላ ቅጽ

ስም፦ አርሊንዶ ሳራይቫ
ቦታ፦ የመሀል ተከላካይ
ጨዋታ፦ 311
ጎል፦ 2 (አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያገባው)
ጉልበት፦ ቅጹ አይጠይቅም። ሁለቱም አልቀዋል።
ክለቡ ወደ ታችኛው ሊግ በወረደበት ቀን ምን ሆነ?፦

6.

በዚያች ባዶ መስመር ላይ አርሊንዶ ሦስት ቀን ሙሉ አፍጥጧል። ከፖርቶ በስተሰሜን፣ ዓሣ አጥማጆች በሚኖሩባት ትንሽ ከተማ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከወንበር ሲነሳ እንኳ «ኧረ በማርያም!» ይላል። ከጉልበቱ ይልቅ ግን ያደከመው ያ ቀን ነው።

7.

ተከላካይ ሆናችሁ ለማታውቁ፦

አራት ሆናችሁ በአንድ መስመር ቁሙ። አንዱ «ውጡ!» ሲል አራታችሁም እኩል ወደ ፊት ውጡ። አጥቂው ከጀርባችሁ ብቻውን ይቀራል፤ ዳኛው ኦፍሳይድ ይነፋል። ሳይጠራ የሚወጣ የለም። ተጠርቶም የሚቀር የለም።

ጠሪው አርሊንዶ ነበር።

8.

በዚያ ቀን፣ በሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ አርሊንዶ ወጣ። እጁንም አነሳ። ድምፅ ግን አላሰማም። በጣም ደክሞት ስለነበር የጠራ መስሎት ነው፤ እንዳልጠራ የገባው ኳሷ መረብ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው። ከጎኑ የነበረው ቪቶሪኖ፣ ባለ ሦስት ቁጥሩ፣ እንደ ደንቡ ጥሪ ሲጠብቅ ቆሞ ቀረ። እሱ ስለቀረ ኦፍሳይድ የሚባል ነገር አልነበረም። አጥቂው አገባ። ክለቡ ወረደ።

9.

አርሊንዶ ለጋዜጠኞች፦ «እኔ ጠርቻለሁ። ቪቶሪኖ ነው የቀረው።»

አምስት ቃል።

ቪቶሪኖ መልስ አልሰጠም። ዓሣ ገበያ ሲገባ ሰው ሁሉ ጀርባውን አዞረበት። በዚያው ዓመት ጫማውን ሰቀለ።

10.

ከክለቡ ጸሐፊ ከግራሳ ጋር፣ በስልክ

ግራሳ፦ ሴኞር አርሊንዶ፣ መጽሐፉ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። ያችን መስመር ካልሞሏት የድሮውን እንጽፋለን፤ «በቪቶሪኖ ስህተት»።

አርሊንዶ፦ ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ ብሞላውስ?

ግራሳ፦ ምን ነካዎት? የስታዲየሙን በር እኮ በስምዎ ልንሰይም ነው!

አርሊንዶ፦ በሩ ይቅርብኝ ልጄ። የቪቶሪኖን ስልክ ስጪኝ።

11.

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሃያ ስምንት ዓመት ማደር ግን ያሳፍራል። አርሊንዶ በመስመሯ ላይ «እኔ አልጠራሁም» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ደወለ።

«ቪቶሪኖ? አርሊንዶ ነኝ።»

«የቱ አርሊንዶ?»

«አራት ቁጥር።»

«...አቤት።»

«ያን ቀን አልጠራሁም። ዋሸሁብህ። በክለቡ መጽሐፍ ይወጣል። ቀድመህ ከእኔ አፍ ስማው ብዬ ነው።»

«አልጠራህም?»

«አልጠራሁም።»

«እኔ እኮ አንተ አትዋሽም ብዬ... ጆሮዬን አሞኝ ነው ብዬ ነበር። ሁለት ሐኪም ጋ ሄጃለሁ፤ ደህና ነህ ሲሉኝ አላመንኳቸውም። እስከ ዛሬ ሰው ሲያናግረኝ፣ አልሰማሁ ይሆናል እያልኩ ሁለት ሦስቴ አስደግመዋለሁ።»

አርሊንዶ ወንበሩን ያዘ። እንባው መጣ።

«ይቅር በለኝ፣ ቪቶሪኖ።»

3.

ቪቶሪኖ፦ እስቲ ድገመው።

አርሊንዶ፦ ይቅር በለኝ።

ቪቶሪኖ፦ ሰማሁህ፤ ጆሮዬ ደህና ነው።