የቀን መርዶ

«ንፍሮ አምጡልኝ» አለች አጸደ።

ቤቱ ተላወሰ። ባሏ ዘመድኩን ከተቀበረ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም ነበር። የለቅሶው ቤት አዛዥ ናዛዥ የሆነችው ጎረቤቷ ትሁን ሰሃኑን ራሷ ይዛ መጣች፤ ሌላ ሰው ቢይዘው ንፍሮው መንገድ ላይ የሚቀር ይመስላታል።

«እሰይ፣ አጽዬ። ብዪ። እሱም ነፍሱ ደስ ይላታል።»

አጸደ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ስንዴውን እየዘገነች ቃመች። ሽማግሌው ጋሽ ተክለ ጻድቅ ጎናቸው ወዳለው ሰው ጠጋ ብለው «እግዜር አበረታት» አሉ። በእግዜር ማሳበብ ልማዳቸው ነው። ያበረታት ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እሱንም ያገኘችው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ፊቷን ስትታጠብ ነው።

የሲያትሉ የቢከን ሂል ሰፈር ኪራይ ቤቶች ግድግዳቸው ስስ ነው። ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» ለማለት ከወንበር መነሳት አያስፈልግም። ከግድግዳው ወዲያ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ትሁንና ጥሩብርሃን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር። ትሁን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች ማለት መንገድ ማዶ ያለ ሰው አይሰማትም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ይሰማታል።

«ከአዲስ አበባ ጋሽ ተክለ ጻድቅ ጋ ኮል አደረጉ» አለች። «የሳህሌ እናት አርፈዋል። እማማ ገንዘብ።»

«ውይ፣ በሞትኩት። እሱስ?»

«አልሰማም። ሶ፣ የዘመድኩን ሠልስት ይለፍና እሑድ ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበን ሄደን እንነግረዋለን። አደራ ጥሩዬ፣ አፍሽን።»

«እኔ ደግሞ ምን አፍ አለኝ?» አለች ጥሩብርሃን፣ የሲያትል ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀውን አፏን ረስታ።

አጸደ ቧንቧውን ዘጋች። ፊቷን እንዳረጠበች ቆመች። ከዚያ ራባት።

የራባት ነገር ምን እንደሆነ ቢነገረው የማይገባው ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ሁሉም ያውቃል፤ የሚያነሳው ግን የለም።

ነገሩ የሆነው ያለፈው ዓመት ነው፣ ካፒቶል ሂል ላይ፣ ማኅበሩ ለስብሰባ በሚከራየው የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት። አጀንዳው ኤርትራ ከኢትዮጵያ ትሂድ ወይስ አትሂድ የሚል ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ የከረሙ ወንዶች ቅዳሜ ከሰዓት ቀይ ባሕርን ተሸክመው ይመጣሉ። ኤርትራውያኑ ከማኅበሩ ወጥተው የራሳቸውን ካቋቋሙ ቆይተዋል፤ የሌለን ሰው መርታት ስለሚቀል ክርክሩ ከድሮው ይልቅ ሞቅ ብሏል።

«አሰብ ከሄደች ጨው እንኳ ከየት ትልሳለህ?» አለ አንዱ።

«አንተ ጨው ከሱፐርማርኬት መግዛት ከጀመርክ አሥር ዓመትህ አይደለም እንዴ?» አለው ሌላው፤ ተሳቀ።

ዘመድኩን እጁን ያወጣው ያን ጊዜ ነው። «እኔ ፖለቲካ አላውቅም» ብሎ ጀመረ። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እስኪመሽ ይናገራል፤ እሱ ግን አጭር ነበር።

«ወንድሜ ይርጉ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ናቅፋ ግንባር ነው ያለው። ሰዎቹ መሄድ ከፈለጉ በሰላም ይሂዱ። ንግዱም ወደቡም ገደል ይግባ። እኔ ልጁ ይመለስልኝ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሳህሌ ተነሳ። ሳህሌ የዘመድኩን የሠርጉ ሚዜ ነው፤ ከአንድ ማሰሮ የበሉ ሰዎች ናቸው። ሲናገር አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ከእሱ ቀድሞ ይቆጣል።

«ምኑ ነው የሚመለስልህ?» አለ። «ይርጉ እኮ ከወደቀ ወር አልፎታል። የወንድምህ ደም የፈሰሰበትን መሬት ነው የምትሰጠው።»

መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል ነው። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ በሩ ሲንኳኳ ባለቤቱ ገና ሳይነገረው ጉልበቱ ይከዳዋል፤ የሚደግፈው ክንድ ግን በዙሪያው አለ። የአዳራሹ ሰው ግማሹ የይርጉን ሞት ሰምቶ፣ ለሁሉም የሚመች እሑድ እየፈለገ ነበር። ሳህሌ የክርክር ማሰሪያ አደረገው።

ዘመድኩን «የቱ ይርጉ?» ብሎ ጠየቀ።

ሰዉ «ማን አናገርህ?» እያለ ሳህሌን ከብቦ ይጨቃጨቅ ነበር። አጸደ የባሏን ካፖርት ይዛ፣ እሱንም በክንዱ ይዛ፣ ደረጃውን ወጣች። ማግስቱን ፍራሽ ሲነጠፍ «አገር ይገንጠል ያለ ሰው ቤት አንሄድም» የሚል ወሬ ቀድሞ ደረሰ። የይርጉን ለቅሶ የደረሰው ከዘመድኩን ጋር አንድ ፓርኪንግ የሚሠራው ኤርትራዊው ገብረሕይወት ብቻ ነበር። የሥራ ልብሱን ሳይቀይር መጥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ፣ እስኪመሽ ዝም ብሎ ተቀመጠ። የናቅፋው ምሽግ የወዲያና የወዲህ ሰዎች አንድ ሶፋ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ዘመድኩን ቀልድ አቆመ። በዓመቱ፣ ሥራ ቦታው ላይ፣ የመኪና ቁልፍ ለባለቤቱ ሊሰጥ እጁን እንደዘረጋ ወደቀ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። አጸደ አልተከራከረቻቸውም። ገዳዩን እሷ በስሙ ታውቀዋለች።

የሠልስቱ ዕለት ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ያኔ ያልመጡት ሁሉ መጥተዋል። ሞት ዘመድኩንን ይቅር አስብሎታል። ጋሽ ተክለ ጻድቅ «በለቅሶ ቤት ፖለቲካ አይወራም» ብለው ስለከለከሉ ወንዶቹ ስለ ምጽዋ የሚያወሩት በጆሮ ነው።

ከቀትር በኋላ ሳህሌ ገባ። ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ማዶ መኪናውን አቁሞ፣ ሳይወርድ እየተመለሰ ነበር ይባላል። የለስላሳ ካርቶን ታቅፏል፤ ካርቶኑ በዝናብ ርሶ ሥሩ ሊቀደድ ደርሷል። በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ቅረብ እንጂ» አለችው አጸደ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ሳህሌ መጥቶ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንበረከከ። «እግዜር ያጥናሽ፣ አጸደ» አለ። «እኔ... እሱን ስንት ጊዜ ላናግረው ብዬ...»

«አሜን» አለች። «እማማ ገንዘብ እንዴት ናቸው?»

ወጥ ቤት ውስጥ ጭልፋ ወደቀ። የሚያውቁት ሁሉ እጃቸውን ማየት ጀመሩ። ሳህሌ ግን ዓመት ሙሉ የዘጋችው ሴት ስላናገረችው ፊቱ በራ።

«ደህና ናት። ጉልበቷን ብቻ ነው የሚያማት። ለገና ስደውልላት ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ሚዜ የሆንክላቸው ልጆች እንዴት ናቸው?› አለች። እናንተን እኮ ነው። ወረቀቷን ጨርሻለሁ፣ በበጋ አመጣታለሁ። ክፍሏን ቀለም ቀባሁላት።»

«ምን ቀለም?»

«ሰማያዊ። ሰማያዊ ትወዳለች።»

ትሁን እየሮጠች መጣች። «አጽዬ፣ ስልክ ይፈልጉሻል።»

«ቆይተው ይደውሉ። ባለ መስኮት ነው ክፍሉ?»

«አዎ፣ በመንገዱ በኩል። ሰው እያየች ትውላለች ብዬ...»

ጋሽ ተክለ ጻድቅ በከዘራቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ። «አጸደ፣ ልጄ። ለእሑድ የተባለ ነገር አለ።»

«ለይርጉም እሑድ ተብሎ ነበር፣ ጋሼ» አለች።

ጋሽ ተክለ ጻድቅ ከዘራቸውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። አጸደ ወደ ሳህሌ ዞረች። ሌሊቱን ሙሉ ስትስለው ያደረችውን ቃል ሳትቸኩል አወጣችው።

«እናትህ አርፈዋል። ቤቱ ሁሉ ያውቃል። የቀረኸው አንተ ነህ።»

ሳህሌ ፈገግታው ገና ከፊቱ አልወረደም። እንደዚያው ሆኖ ሰዉን አንድ በአንድ አየ። ትሁንን አየ፣ ጥሩብርሃንን አየ፣ ጋሽ ተክለ ጻድቅን አየ። ዓይኑን የገጠመው የለም። ያን ጊዜ ገባው።

የወጣው ድምፅ የትልቅ ሰው ድምፅ አልነበረም። ሴቶቹ ተከተሉት። «እማማ ገንዘብ፣ እማማ ገንዘብ» እያሉ ቤቱን አናወጡት፤ በዘመድኩን ሠልስት የዘመድኩንን ስም የሚጠራ ሰው ጠፋ። አጸደ የባሏ ለቅሶ ከእጇ ወጥቶ ሲሄድ ተቀምጣ አየችው። የሰጠችው ራሷ ናት። ጣፋጭ ይሆናል ብላ የጠበቀችውን በአፏ ውስጥ ፈለገችው፤ የከረመ ንፍሮ ብቻ ነው ያለው።

ሳህሌ ደረቱን መምታት ጀመረ። እንዲህ ሲሆን የጎረቤት ወንድ ተነስቶ እጅ ይይዛል፤ ወጉ ነው። ዛሬ የተነሳ የለም፤ እሱ ጋ ለመድረስ አጸደን አልፎ መሄድ ያስፈልጋል። ደረቱ እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። «ይምታው» አለች በልቧ። እንደገና መታው። «ይምታው።» የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶ ፍራሹ ላይ ወደቀ።

ክንዱ ዳግም ሲነሳ የአጸደ እጅ ከፍራሹ ተነስቶ አየር ላይ ቀለበው። እሱ ወደ ደረቱ ይስባል፤ እሷ ወደ ራሷ ትስባለች። ጥፍሯ የእጁ አንጓ ውስጥ ገብቷል። ደም ወጣ። አልለቀቀችውም።