የሁለት ቤት መድፍ

ሰው አያቱ የማለበትን፣ አባቱም በሞት አልጋው ላይ አደራ ያለውን ብረት፣ ለማያውቀው እንግዳ በአንድ ጠዋት አንስቶ የሚሰጠው ለምንድን ነው?

ኢዮብ ጉብሬን አልፎ የተራራውን መንገድ ሲያያዘው ይህን ጥያቄ ከጭንቅላቱ ሊያወጣው አልቻለም። መልሱን አያውቅም። የሚያውቀው፣ በተከራየው ፒክአፕ ጀርባ ከእንሰት በተሠራ ጅባ ምንጣፍ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተጠፍሮ የተኛው ብረት በየኩርባው እየተንገጫገጨ ወደ ቡታጅራ እንደሚሄድ ብቻ ነው።

ብረቱ የእንግሊዝ የተራራ መድፍ ግማሽ ነው። መድፉ በበቅሎ ጀርባ ገደል እንዲወጣ ታስቦ ስለተሠራ በርሜሉ ለሁለት ይፈታል። የፊቱን አንዷ በቅሎ ትሸከማለች፤ ጥይት የሚጎርሰውን የኋላውን ደግሞ ሌላዋ። ተኩስ ሲመጣ ሁለቱ በጥርሳቸው ይነካከሱና በወፍራም ቀለበት ይጠብቃሉ። ኢዮብ የጫነው የኋላውን ነው። የፊቱ ቡታጅራ ነው ያለው።

እምድብር ተወልዶ ገና ልጅ ሳለ ወደ አጎቱ፣ እንግሊዝ አገር ተላከ። እዚያው አድጎ፣ እዚያው ተምሮ፣ የትምህርቱ ማብቂያ አሮጌ መሣሪያ ከዝገት ማዳን ሆነ። ሲመለስ ዘመዶቹ፣ "ሰው ከውጭ መኪና ይዞ ይገባል፤ አንተ ቁራሌ ልትለቅም መጣህ?" ብለው ሳቁበት። አብሯቸው ሳቀ። ነገሩ እውነት እንዳይሆን ግን ይፈራል። ቆሼ ከተማ የመድፍ ጎማ የጉድጓድ ውሃ መሳቢያ ሆኖ አገኘ። እምድብር አጠገብ የመድፍ ጋሻ የዶሮ ቤት በር ሆኖ አየ። ሙሉ በርሜል የትም አልገጠመው። እነዚህ ሁለት ግማሾች ግን አንድ ዓይነት ቁጥር ተመትቶባቸዋል። ቢገጠሙ፣ ወልቂጤ ላይ ሊከፈት ለታሰበው ሙዚየም ማንም ያላገኘውን ሙሉ በርሜል ያስገባል፤ አገሩ የተመለሰበትንም ምክንያት በጣቱ ማሳየት ይችላል።

ችግሩ፣ ብረቶቹ የተለያዩት በአጋጣሚ አለመሆኑ ነው።

ታሪኩን የነገሩት የፊተኛው ግማሽ ባለቤት ሐጂ ሸረፋ ናቸው። ጣሊያን በተባረረበት ክረምት፣ እንደሚባለው፣ የእንግሊዝ ጦር ጭቃ ውስጥ ጥሎት የሄደውን መድፍ ሁለት ጎረቤት ቤተሰቦች በበሬ ጎትተው አወጡት፤ የሐጂ አያትና የኋላው ግማሽ ባለቤት የጋሽ ተካ አያት። ከዚያ "የኔ ነው፣ የኔ ነው" ተባለ። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ሞተ። ሽማግሌዎች ገቡና ጉርዳ አስማሏቸው። ጉርዳ ቃል ኪዳን ነው፤ የተማማሉ ሰዎች አይጎዳዱም፣ አይካሰሱም፣ ልጆቻቸውም እንደዚያው። መድፉን ፈትተው ለየቤቱ ግማሽ ግማሹን ሰጡ። ሁለቱ ብረቶች በአንድ ግቢ እንዳያድሩ በመሐላ ታሰረ።

"ብረቱ ካልተገናኘ እኛ እንገናኛለን" አሉ ሐጂ፤ "በሰርግም በለቅሶም።"

ኢዮብ ስለ ሙዚየሙ ሲያጫውታቸው እስኪጨርስ አዳመጡት። "ሙዚየሙ የማንም ቤት አይደለም ስትል ሰማሁህ" አሉ በመጨረሻ። "ተካ ይምጣና አብረን እንነጋገርበታ።"

ኢዮብ ይህን ቃል እንደ ፈቃድ ቆጠረው። ያማረ ምክንያትም አበጀለት፤ ብረቱ ሙዚየም ቢገባ ቃል ኪዳኑ ይከበራል እንጂ አይፈርስም፣ አለ ለራሱ። ሲያሰላስለው ግን ምክንያቱን ያበጀው ለቤተሰቦቹ ይሁን ለራሱ እርግጠኛ አልነበረም።

ጋሽ ተካ በወልቂጤ ጅማ መንገድ ዳር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ፤ ኢዮብ የሐጂን ቃል አስቀድሞ በስልክ ነግሯቸዋል። ዛሬ ጠዋት ሱቃቸው ሲደርስ ብረቱን ከጓዳ አስወጥተው ጠበቁት።

"ውሰደው" አሉ።

"ጋሼ፣ ሐጂ ግን እርስዎም እንዲመጡ ነበር የፈለጉት።"

"ጉልበቴ ተራራ አይወጣም።"

"በመኪና እኮ ነው።"

"አንተ ልጅ፣ ብረቱን ነው የምትፈልገው ወይስ እኔን?"

ኢዮብ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ገመዱን ራሳቸው ፈትሸው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። "መንገድ ላይ እንዳታወርደው። መሬት የሚነካው ሸረፋ ግቢ ነው። 'ተካ ልኮልሃል' በለው። ሌላ ቃል አትጨምር፤ አትቀንስ።"

የሐጂ ሸረፋ ግቢ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ፣ ከሰፊ የግጦሽ ሜዳ አፋፍ ላይ ነው። ሜዳው የሁለቱ ቤተሰቦች የጋራ ነው። ኢዮብ ሲደርስ ግቢው በሸራ ላይ በተሰጣ በርበሬ ቀልቷል፤ አየሩ ያስነጥሳል። የሐጂ ልጅ ራምዚ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር በርበሬውን ያገላብጣል።

"ፈረንጁ መጣ!" አለ ራምዚ። "ዛሬ ደግሞ የማንን ዶሮ ቤት ፈታህ?"

"ሐጂ የሉም?"

"ለሰላት መስጊድ ሄዷል፤ አሁን ይመጣል። ምንድን ነው የጫንከው?"

"ለእሳቸው የተላከ ነው።"

"ወፍጮ ነው እንዴ?"

መጠበቅ ነበረበት። ሰላት ረጅም አይደለም። ግን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን የማየት ጉጉት አላስቀመጠው አለ። "አግዙኝና እናውርደው" አለ። ገመዱን ፈቱ። ራምዚና አንደኛው ጎረቤት ከፊት፣ ኢዮብና ሌላኛው ከኋላ ሆነው ጅባውን ይዘው አነሱት።

"ወላሂ ይሄ ወፍጮ አይደለም" አለ ራምዚ እያቃሰተ። "ተራራውን ራሱን ነው ያመጣኸው!"

ከመኪናው አወረዱት። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ጅባው ጫፉ ላይ ተገለጠና የብረቱ ጥርስ ብቅ አለ። በዚያው ቅጽበት የሐጂ ልጅ ፈቲሀ ከቤት ወጣች። ነርስ ናት፤ ከሥራ መመለሷ ነበር፤ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም። ብረቱን ስታይ ደርቃ ቀረች። በአባቷ አልጋ ሥር የተኛውን የዚህን አምሳያ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጠርግ ያደገች ናት።

"ራምዚ! መሬት እንዳታስነካው!"

አራቱም ባሉበት ቆሙ።

"ምን ሆነሻል? እጄ ሊገነጠል ነው!"

"የነተካ ብረት ነው! እየው!"

ራምዚ ጎንበስ ብሎ ጥርሱን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ቀልድ ጠፋ። ቀስ ብሎ ወደ ኢዮብ ዞረ።

"ማን ነው የላከህ?"

"ጋሽ ተካ ናቸው። እኔ ለሙዚየም..."

"ሙዚየም!" ሳቁ እንደ ሳል ነበር። "ያ ሰውዬ ይሄን ሜዳ ሊሸጥ ስንት ጊዜ ሰው ላከ! ጠበቃ ሳይቀር አማክሯል። ጉርዳ እያለ አባቴን ሊከስ አይችልም። ብረቱን ግን በሰው እጅ ልኮ፣ እዚህ መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ስሙ ለአባቴ ከተነገረ፣ በጉርዳው ሕግ አለቀ። ቃሉ ፈረሰ። አንተ መድፍ አይደለም የጫንከው፣ ብሮ። ጠብ ነው የጫንከው!"

ኢዮብ የጋሽ ተካን ቃል አስታወሰ። መሬት የሚነካው ሸረፋ ግቢ ነው። ሌላ ቃል አትጨምር። ጠዋት እንደ ሽማግሌ ግትርነት የቆጠረው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ መጥቶ ደረቱ ላይ ተቀመጠ።

"አላወቅኩም" አለ።

"ልቀቁት!" አለ ራምዚ፤ የሚናገረው ለጎረቤቶቹ ነበር። "መፍረስ ከፈለገ ይፍረስ! እኛስ ምን ቸገረን? ሜዳውን በጉልበት ይምጣና ይውሰዳ!"

"ራምዚ፣ አላህን ፍራ!" ፈቲሀ ሮጣ መጥታ በወንድሟ በኩል እጇን ከብረቱ ሥር አስገባች። "አባዬ ሳይሰማ አንተ ታፈርሳለህ? ነገ ደም ቢፈስ ቁስሉን የምሰፋው እኔ ነኝ!"

"ልቀቂ፣ እጅሽ ይቆረጣል!"

"አንተ አትልቀቅ!"

ብረቱ ወደ ራምዚ በኩል አዘመመ። ኢዮብ በደረቱ ተጠጋው። ቅባትና ዝገት ሸሚዙ ላይ ተላከከ። ለማግኘት ስንት አገር የዞረለት ቁጥር ከአፍንጫው ሥር ነበር፤ አላነበበውም። አንዱ ጎረቤት "ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ" ይላል።

"ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው" አለ ኢዮብ። "ለጋሽ ተካ ደውይላቸው።"

ፈቲሀ በአንድ እጇ ስልኩን አወጣች። ኢዮብ ቁጥሩን ነገራት። ድምፁን ከፍ አድርጋ መኪናው ላይ አስቀመጠችው። ጠራ፤ ጠራ። ከዚያ ተቋረጠ። እንደገና ሞከረች። አሁን አንዴ ጠርቶ ወዲያው ተዘጋ።

"ዘጋው" አለ ራምዚ። "አየሽ? ዘጋው።"

ሐጂ ሸረፋ በሩ ላይ ቆመው ነበር። መቼ እንደገቡ ማንም አላየም። ከዘራቸውን ተደግፈው መኪናውን፣ ጅባውን፣ በእጅ ላይ የተንጠለጠለውን ብረት ተራ በተራ አዩ።

"አሰላሙ ዓለይኩም" አሉ።

"ወዓለይኩም ሰላም" አሉ የሚችሉት።

ሐጂ ወደ ኢዮብ ቀረቡ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። "ልጄ፣ ማን ልኮህ ነው? ምንስ ብሎ ላከህ?"

ቃሉ ሁለት ብቻ ነው፤ ተካ ልኮልሃል። ኢዮብ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረው። እውነትም ነው። ውሸት አትናገር ተብሎ ያደገ ሰው ነው፤ የተማረውም ስለ ማንኛውም ዕቃ ከየት እንደመጣና ማን እንዳመጣው ሳያዛባ መመዝገብ ነው። ፈቲሀ በብረቱ ማዶ አትናገር በሚል ጭንቅላቷን በዝግታ ነቀነቀች። ራምዚ ደግሞ ከንፈሩን ነከሰና "ንገረው" አለው። "ንገረው እንጂ! አፍ የለህም?"

"ማንም አልላከኝም፣ ሐጂ" አለ ኢዮብ። "ተሳስቼ ነው ያመጣሁት። ማምጣት አልነበረብኝም።"

"ውሸታም!" አለ ራምዚ።

ሐጂ ልጃቸውን አላዩትም። ኢዮብን ነበር የሚያዩት፣ እንደ በርበሬ ገዢ፣ ውስጡን አፍርጠው ሊያዩት እንደፈለጉ ሁሉ። የኢዮብ ክንድ ደንዝዟል። ዓይኑን አልሰበረም።

"ተሳስቶ የመጣ ዕቃ ይመለሳል" አሉ ሐጂ በመጨረሻ። "አንሱለት።"

"አባ!"

"አንሳ ራምዚ። እኔ ምንም አላየሁም፤ ምንም አልሰማሁም።"

ከዘራቸውን ጥለው እሳቸውም እጃቸውን ከብረቱ ሥር አስገቡ። ስድስት ሆነው፣ አንዴ አንሸራትቷቸው አንዴ ተደግፈው፣ መልሰው መኪናው ላይ ጫኑት። መሬት አልነካም። ራምዚ መዳፉ ተልጦ ደም ይፈሰዋል፤ እህቱ ልታየው ስትጠጋ እጁን ነጥቋት ወደ ሜዳው ወጣ።

ሐጂ በመኪናው መስኮት ጎንበስ አሉ። "ከእንግዲህ የኔንም ግማሽ ልታይ አትምጣ" አሉት። በቁጣ አልነበረም። "ተካ በገዛ እግሩ መጥቶ ዓይኔን እያየ ይናገር። እስከዚያ ወንድሜ ነው። ልጄን ግን እስከ መቼ እንደምይዘው አላውቅም።"

ኢዮብ ከግቢው ወጥቶ ሜዳው ዳር መኪናውን አቆመ። በመስታወቱ ራምዚ ሜዳው መሐል ቆሞ ሲደውል ይታየዋል፤ ሁለት ሞተር ሳይክሎች ከከተማ በኩል ወደ እሱ እየመጡ ነው። ብረቱን ይዞ ወልቂጤ ቢመለስ፣ ጋሽ ተካ ነገ በሌላ ሰው እጅ መላካቸው አይቀርም። ሙዚየም ቢያስገባው ደግሞ ብረቱ ከነተካ ቤት ተልኮ እንደወጣ ይቆጠራል፤ ራምዚ ጠብ ለመጀመር ያ ይበቃዋል።

ስልኩን አውጥቶ ጻፈ፤ እየሰረዘ፣ እየጻፈ።

"ጋሽ ተካ፣ ኢዮብ ነኝ። ብረቱ መሬት አልነካም። ያሉኝንም ቃል ለሐጂ አልነገርኳቸውም፤ ከእኔ አፍ አይሰሙትም። አሁንም ወንድሜ ነው ይላሉ። ራምዚ ግን ሰው እየሰበሰበ ነው። እባክዎን ዛሬውኑ ለሐጂ ይደውሉ፤ ወይም ይምጡ፣ ቡታጅራ መግቢያ ላይ ብረቱን ይዤ እጠብቅዎታለሁ። ምንም ሳይሉ አይቅሩ።"

ላከው። ሁለት ምልክት አሳየ፤ ደርሷል። ትንሽ ቆይቶ ምልክቶቹ ሰማያዊ ሆኑ፤ ተነቧል። ኢዮብ ሞተሩን አስነሥቶ፣ እንዳለው ብረቱን ይዞ ሊጠብቅ ወደ ቡታጅራ መግቢያ ነዳ፤ ጋሽ ተካ ግን ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ አልመለሱለትም።