ድልድዩ ላይ የቆመው ታቦት

አላሜዳን ደሴት ያደረጋት እግዜር አይደለም። ድሮ ከኦክላንድ ጋር በየብስ የተያያዘች ነበረች አሉ፤ ሰዎች ናቸው ቦይ ቆፍረው ባሕሩን ያስገቡባት። እኔን ደግሞ ከደብሬ የቆረጠኝ ዶክተር እስክንድር ነው።

ደብራችን ራጉኤል ቦዩን ከሚያሻግረው ድልድይ ማዶ፣ አላሜዳ ላይ ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ራቁቱን የሚቀርበት ዳርቻ ላይ። ያን ቤት ለቤተ ክርስቲያን የገዛን ጊዜ አግዳሚውንም መጋረጃውንም ከሄይዋርድ በትራኬ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ምርቃቱ ላይ ፎቶ ልንነሣ ስንሰለፍ ዶክተሩ በሰው ፊት «ንጉሤ፣ አንተ መኪናህ ዘንድ ቁም» አለኝ። እሱ በንጉሡ ዘመን ለትምህርት የመጣ፣ እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ። ገባኝ። ሄጄ ቆምኩ፤ ተመልሼም ደጁን አልረገጥኩ።

እሑድ እሑድ ባለቤቴን ውብዳርን ድልድዩ ጫፍ ድሮፕ አደርጋትና ማዶውን አያለሁ። የሚጠራኝ ባገኝ እሮጥ ነበር። ማን ይጥራኝ? አምና ልቤን ካመመኝ ወዲህ ደግሞ ውብዳር አንድ ነገር ይዛለች፦ «ሰውዬ፣ ድንገት ብትሞት የት ወስጄ ላስፈታህ? ፓርኪንግ ውስጥ?»

ዘንድሮ በጥምቀት፣ ሲሄድ በመኪና የተሻገረው ታቦት ኦክላንድ ካለው ጥምቀተ ባሕር ሲመለስ፣ ሕዝቡ ከድልድዩ ጫፍ ጀምሮ በእግሩ አጀበው። እኔ እንደ ልማዴ ዳር ቆሜያለሁ። ታቦቱን የተሸከሙት በቅርቡ ከአገር ቤት የመጡት ቄስ ክብሮም ናቸው። ደወል ተደወለ፤ አንዲት ጀልባ ልታልፍ ድልድዩ ከመሐል ተከፍቶ ተነሣ። አለፈች፤ ድልድዩ ወረደ። መዘምራኑ ትንሽ ሄድ ብለው ዞሩ። ቄሱ ግን ሁለት እርምጃ ተራምደው ቆሙ።

«በሉ እንጂ አባታችን» አላቸው ጥላ ያዡ።

ከኋላ መኪናው ሁሉ ክላክሱን ለቀቀው።

«ታቦቱ እምቢ አለ!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች። «የተጣላ አለ! የተጣላ ይታረቅ!»

ታቦት እምቢ ካለ በመካከል ቂም የያዘ ሰው አለ ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። የያዘው ማን እንደሆነም የማያውቅ የለም። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ከመዘምራኑ መካከል ያለችው ልጄ ሄለና መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ዳድ፣ ፕሊስ! ጀስት ጎ!»

ዶክተር እስክንድር በምርኩዙ እየተደገፈ መጣ። «ምን በደልኩህ አንተ ሰው?»

«መኪናህ ዘንድ ቁም ብለውኛል፤ በሰው ፊት።»

«መቼ?»

አያስታውሰውም! እኔ ስንት ዓመት እንቅልፍ ያጣሁበትን!

«የምርቃቱ ለት። ለፎቶ ስንሰለፍ።»

ግንባሩን ይዞ አሰበ። «መኪና በማይቆምበት ቀይ መስመር ላይ ነበራ ያቆምከው! ቶው አድርገው፣ ጎትተው እንዳይወስዱብህ ብዬ ነዋ! ከነአግዳሚያችን!»

እውነት ትሁን ወይስ እዚያው የፈጠራት አላውቅም።

«ቢሆንም» አልኩት፣ «ሰው ልከው ማስጠራት ነበረብዎት።»

«ነበረብኝ።» ድምፁ ወረደ። «ይቅር ለእግዚአብሔር። ወይስ እግርህ ላይ ልውደቅ? በዚህ ጉልበቴ ከወደቅሁ የምታነሣኝ አንተው ነህ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። ሳላስበው ትከሻውን ስሜዋለሁ።

እልልታው ቀለጠ። ቄሱ ግን አሁንም ንቅንቅ የለም። ጠጋ ብዬ አየኋቸው፤ ላብ በላብ ሆነዋል፣ ዓይናቸው ከእግራቸው ሥር ተተክሏል። የድልድዩ ወለል እንደ ወንፊት የተበሳሳ ብረት ነው፤ ቁልቁል ባሕሩ ይታያል።

«ወንድሜ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ከእግሬ ሥር ውሃ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። እግሬ ከዳኝ።»

ሳቄን በግድ ዋጥኩት። «ወደ ታች አይዩ አባቴ። ጀርባዬን እያዩ ይከተሉኝ።»

ከፊታቸው ቀደምኩ። ተከተሉኝ። ሕዝቡ «ታረቀልን!» እያለ ያጨበጭባል፤ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩ። ማዶ ስንደርስ የጭቃው ሽታ መጣብኝ፤ ያን የከረፋ ሽታ እስከ ሆዴ ሳብኩት። ደረቴ ላይ የከረመው ድንጋይ የት እንደወደቀ እንጃ።

ከበሩ ስደርስ እግሬ ቀድሞኝ ልገባ ስል ውብዳር ክርኔን ያዘች።

«ጫማህን አውልቅ እንጂ ሰውዬ! ረሳኸው?»

ጎንበስ ብዬ አወለቅሁ።