ሐይቁ ላይ ያረፈው አውራ ጣት

ወንድሜ ነገር ሳይነካ አያምንም። ትኩስ ብረት ይሁን እርጥብ ቀለም፣ የሰው ሥራ ይሁን የሰው ቁስል፣ ጣቱን ካላሳረፈበት እንቅልፍ አይወስደውም። ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ፤ ታላቄ ነው፣ አፌም ለምዶታል። እዚህ ግን የልቤን ልጻፍ።

እኔ ግድግዳ ለሳኝ ነኝ። እሱ ቢሮ ውስጥ አርጅቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቤቱን ሲሠራ ሳሎኑን የለሰንኩለት እኔ ነኝ። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ግድግዳው እንደ እንቁላል ልሙጥ ሆኖ ወጣልኝ። ምሳ በልቼ ስመለስ ግን መሃሉ ላይ የአውራ ጣት ጉድጓድ አገኘሁ። ማነው ብል ሁሉም ዝም። ልጠግነው ስል ደግሞ፣ "ተወው ባክህ፣ ቀለም ይሸፍነዋል" ብሎ ቀለም ቀቢውን አስገባ። ቀለም ጉድጓድ ይሸፍናል እንዴ? ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳውን እያሳየ፣ "ይቺ የወንድሜ ፊርማ ናት። እጁ ጥሩ ነው፣ ጥንቃቄ ግን አልፈጠረበትም" ይላል። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እንድስቅ ይጠበቃል። ጀሶ የሚለውን ስም ያወጣልኝም እሱ ነው፤ ዛሬ የእህቶቼ ልጆች ሳይቀሩ "ጋሼ ጀሶ" ነው የሚሉኝ።

ጡረታ ሲወጣ የባቡር ፍቅር ያዘው። የእውነቱን ባቡር አይደለም፤ ከነፉርጎዋ ክንድ የማትሞላ፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ትንሽዬ ባቡር ናት። የጓሮውን ክፍል አስለቅቆ፣ ከኮምፔርሳቶ ሰፊ ጠረጴዛ አሠርቶ፣ ሐዲዱን ዘረጋበት። ባቡሯ ባዶ ጣውላ ላይ ዞረች፣ ዞረች፣ ሰለቸችው። ደወለልኝ።

"ና እስቲ፣ አገር ሥራልኝ" አለኝ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ነህ የለ።

ሄድኩ። ሰው ልስን ትቶ ግድግዳው ላይ የጂፕሰም ቦርድ መለጠፍ ከጀመረ ወዲህ ሥራ ጠፍቶብኛል፤ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ነው። የሽቦ ወንፊት አጉብጬ፣ በኮላ የነከርኩትን ጋዜጣ ደራርቤ፣ ላዩን በጀሶ ለስኜ ተራራ አወጣሁለት፤ ዋሻም በሳሁለት። ሰጋቱራ አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ነክሬ ሣር አደረግኩ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በጣጥሼ ዛፍ ተከልኩ። እየቆየሁ ሥራውን ወደድኩት። የለሰንከውን ግድግዳ ሰው ጀርባውን ይሰጠዋል፤ ይሄን ግን ጎንበስ ብሎ ያየዋል።

አንድ ባለ ሆቴል ወዳጅ አለው፤ ወሬውን ሰማ። ለሆቴሉ መግቢያ እንዲህ ያለ፣ ከዚህም የሰፋ የባቡር አገር ማሠራት ይፈልጋል። የወንድሜን አይቶ ከወደደው ሥራውን ለእኔ ሊሰጠኝ ነው። ይህን ስሰማ ሰውነቴ ሁሉ ነቃ። ወጪ ወራጁ ቆሞ የሚያየው ሥራ! ከዚያ በኋላ ማን ጀሶ ይለኛል አልኩ።

ሰውየው ሊያይ በሚመጣበት ዋዜማ የቀረኝ ሐይቁ ብቻ ነበር። ወለሉን ጥቁር ሰማያዊ ቀባሁ፣ ዳር ዳሩን አሸዋ ነሰነስኩ። ከዚያ እንደ ማር የሚፈስ፣ ሲደርቅ ግን መስታወት የሚመስል ሙጫ አፈሰስኩበትና አቧራ እንዳያርፍበት በካርቶን ከደንኩት።

"ጋሼ፣ እስከ ነገ ማንም እንዳይነካው።"

"ማን ይነካዋል? ሕፃን የለ ቤት ውስጥ።"

"እኔ እንጃ። ብቻ እንዳይነካ።"

"ስማ ጀሶ፣ አንተ የራስህን እጅ ጠብቅ።"

ሚስቱ ሳቀች። እትዬ ነው የምላት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችው ግን የእሱን ወሬ ነው።

በማግስቱ ካርቶኑን ሳነሳ ሐይቁ መሃል ላይ ጣት አርፏል። ጉድጓዱ ይኸው፤ ዙሪያውን ሙጫው ተሸብሽቦ ቀለበት በቀለበት ሆኗል። እንደገና አፍስሼ ላድርቅ ብል ጊዜ የለም፤ ባለ ሆቴሉ መኪናውን በር ላይ እያቆመ ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ጎንበስ ብሎ አየ። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። "ምነው፣ እንደ ልማድህ ነካካኸው እንዴ?"

"እኔ?"

"ታዲያ እኔ ነኝ? የሳሎኑም እንዲሁ ነበር። እጅህ አያርፍም፣ ምን ላድርግህ።"

እትዬ በሩን ተደግፋ፣ "ዛሬ እንኳ ብትጠነቀቅ ምናለበት" አለችኝ፣ ከንፈሯን እየመጠጠች። እሱ ካለው ይልቅ የእሷ ሐዘኔታ ነው ያቃጠለኝ።

ሳልመልስላት እንግዳው ገባ፤ ረጋ ያለ፣ ወፍራም ሰው ነው። ወንድሜ ቀደመኝ።

"አንዲት ጉድለት ያያሉ፣ ቅር እንዳይልዎት። ወንድሜ እጁ ጥሩ ነው፣ ጥንቃቄ ግን..."

"አልፈጠረበትም" ብዬ ጨረስኩለት።

ሰውየው አላዳመጠንም። ባቡሯ ከዋሻው ወጥታ በሐይቁ ዳር ስታልፍ በዓይኑ ተከተላት፤ ከዚያ ዓይኑ ውሃው ላይ ቀረ።

"ቆይ ቆይ፣ ይቺ ምንድን ናት?"

ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ።

"ዓሣ ብቅ ብሎ የተመለሰበት ነው የሚመስለው። ውሃው አሁን የተነቃነቀ ይመስላል። ብዙ አይቻለሁ እኮ፣ የሌሎቹ ሐይቅ ሁሉ የሞተ ነው። ይቺን ያሰባት ማነው?"

አፌን ስከፍት ወንድሜ ገባበት።

"እሷማ የእኔ ናት" አለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። "ትናንት እሱ ሲሄድ፣ በዚች ጣቴ ጫን አደረግኳት። ትንሽ ሕይወት ትስጠው ብዬ ነው።" አውራ ጣቱንም ቀስሮ አሳየን።

እትዬ ከበሩ ተላቀቀች። "ነክተኸው ነበር እንዴ?"

"አንቺ ደግሞ፣ ሰው ፊት..."

"አሁን እሱን አይደል እንዴ ስትወቅስ የነበረው? ና እስቲ።"

"ወዴት?"

"ሳሎን።"

እጅጌውን ይዛ ጎተተችው። እኔም ተከተልኩ፤ እንግዳውም ነገሩ ባይገባውም ተከተለን። ግድግዳው ጋ ስትደርስ የባሏን እጅ አንስታ አውራ ጣቱን ጉድጓዷ ላይ አሳረፈች። ያን ሁሉ ዘመን ቀለም ተደራርቦባትም፣ ጣቱ ልክክ ብሎ ገባ።

"እኔ እኮ ጥንቃቄ የለውም እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ነው የኖርኩት" አለች፣ ቀስ ብላ። "ለገዛ እናቱ ሳይቀር።"

ወንድሜ እጁን ኪሱ ከተተ።

እንግዳው ጉሮሮውን ጠራረገ። "እንግዲያው ሁለታችሁም ትመጣላችኋላ። እሱ ያፈሳል፣ እርስዎ ይጫናሉ።"

ወንድሜ ፈገግ ሊል ከንፈሩን ሲያላቅቅ አየሁት።

"ብቻዬን ነው የምሠራው" አልኩ። "ጣት እኔም አለኝ።"

ሰውየው እኔን አየ፣ ወንድሜን አየ። "ሰኞ ብቅ በል" አለኝ። "የሚቆለፍ ክፍል እሰጥሃለሁ።"

እሱን ሸኝተን ስንመለስ እትዬ ቦርሳዬን አቀበለችኝ። "በል ይቺን ጉድጓድ ድፈናት፣ ይብቃ።"

ስቱኮውም ስፓቱላውም ቦርሳው ውስጥ ነበሩ።

"የለም እትዬ" አልኳት። "ባለቤቷ ተገኝቷል፣ ትቀመጥለት። እንግዳ ሲመጣ ያሳያት።"

ወጣሁ። የውጭውን በር ሳልደርስ፣ ወንድሜ ጉድጓዷ ላይ ሥዕል ሊሰቅል መዶሻ ሲጠይቃት ሰማሁ።

"የለም" አለችው።