«ማስታወሻ» የምትለው ሳጥን

እኩለ ቀን ላይ ጅቡቲ ጫቷን ይዛ ቤቷ ክትት ስትል፣ ትርሲት ወደብ አጠገብ ባለው የትራንዚት ቢሮ ብቻዋን ትቀራለች። ካርቲየ 6 በሚሉት ሰፈር በተከራየችው ክፍል የሚጠብቃት ሰው ስለሌለ ቢሮው ይሻላታል፤ ቢያንስ ኤሲ አለው። ድርጅቱ የድሮውን ሲስተም ጥሎ ወደ አዲስ ሊዛወር ነው፤ ከጸሐፊዎቹ የሚቀረው ዳታቤዝ የቻለ ብቻ ነው ተብሏል። ሌሎቹ «ይደርሳል» እያሉ ሲቅሙ እሷ በስልኳ ትምህርቱን ከፍታ መረጃ በትእዛዝ መፈለግን፣ ማዛወርን፣ መሰረዝን ተማረች። እውነቱን ለመናገር ቶሎ ገባት።

በድሮው ሲስተም እያንዳንዱ የጭነት መኪና ሥር «ማስታወሻ» የምትል ሳጥን አለች። የተሠራችው ለተቀደደ ሸራና ለጎደለ ጆንያ ነበር። ድንበር ላይ፣ ጋላፊ ቅርንጫፍ የምትሠራው የምስራች ግን አንድ ቀን የስኳር ጭነት ሥር «እዚህ ሙቀቱ ጨረሰን፣ እናንተስ?» ብላ ጻፈችባት። ትርሲት መለሰች። ከዚያ ወዲህ መኪና ባለፈ ቁጥር ወሬም ያልፋል፦ ፍየል የበላው የክፍያ ፋክቱር፣ የትርሲት የጥርስ ሕመም፣ እንኳን አደረሰሽ። ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም፤ ስልክ መለዋወጥም ትዝ አላላቸውም፣ ሳጥኗ ነበረቻቸዋ! ትርሲት በዚህ ከተማ ተቀምጣ ሰው አለኝ የምትለው የምስራችን ነበር። ሞኝነት ነው ካላችሁ፣ አዎ፣ ሞኝነት ነው።

ማን እንደሚቀር በሚለይበት የፈተና ቀን ድሬዳዋ ያደገው የሲስተም ባለሙያ ዓብዱረዛቅ ሳጥኗን ከፍቶ ሳቀ።

«ይሄ ዳታ አይደለም፣ ወሬ ነው! አዲሱ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ሳጥኗ እንዳትዛወር የሚያደርገውን ትእዛዝ አንቺ ጻፊው፤ ከቻልሽ ሥራው ያንቺ ነው።»

«ብትዛወርስ ምን ትጎዳለች?»

«ማን ያነባታል?»

ትርሲት ሥራውን ትፈልገዋለች፤ አገር ቤት ያለው ቤተሰብ የሚበላው ከዚሁ ሥራ ነው። ጻፈችው፤ አንድ መስመር እንኳን አልሞላም።

«ቮላ! ይኸው!» ብሎ ጨበጣት።

አዲሱ ሲስተም ያለ ሳጥኗ ሥራ ጀመረ፤ ሌሎቹ ጸሐፊዎች ተሰናበቱ፤ ለእሷ ፎቅ ላይ የራሷ ክፍል ተሰጣት። ፎቁ ላይ ደግሞ ዝር የሚል ሰው የለም። ብቸኝነቱ ሲብስባት ከድርጅቱ የስልክ ማውጫ የጋላፊን ቁጥር ፈልጋ ደወለች።

«ሃሎ፣ የምስራች? ትርሲት ነኝ፣ ከወደብ።»

«ውይ፣ ትርሲትዬ! እንዴት ነሽ?»

«ደኅና። አንቺስ?»

«ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ እንጃ። ከወዲያ ጀነሬተር ይጮኻል። ትርሲት ስክሪኑ ላይ የመኪናዎቹን ዝርዝር ከፈተች። ጓደኛሞች ነበርን ወይስ ሳጥን ብቻ ነበረን ስትል አሰበች።

«ምነው፣» አለች የምስራች በመጨረሻ፣ እንደ ሥራ ሰዓቷ ቆፍጠን ብላ፣ «ችግር ያለበት መኪና አለ እንዴ?»

«አዎ፣» አለች ትርሲት ስልኩን እንዳትዘጋባት ፈርታ፤ ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ያየችውንም የመኪና ሰሌዳ ቁጥር ቀስ እያለች ታነብላት ጀመር።