የእትዬ መሕቡባ ጓሮ

ታወሩ ከመተከሉ በፊት በመንደራችን ኔትወርክ የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እትዬ መሕቡባ ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል። ለምን እዚያ ብቻ እንደሆነ አላህ ይወቀው። እኔ ወልቂጤ ሱቅ ከፍቼ የምኖር ሰው ነኝ፤ እናቴም ሚስቴም የሚደውሉልኝ ከዚያ ነበር።

እትዬ መሕቡባ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ልጅም የላቸውም። ቤታቸው ግን ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። አንዱ ቡታጅራ ደውሎ የበርበሬ ዋጋ ይጠይቃል፤ አንዷ ርቆ ለሄደ ባሏ ታለቅሳለች። እሳቸው ቆጮ በአይብ ያቀርባሉ፤ ያልተጠየቁትንም ምክር ይጨምራሉ። ስንቴ "ዝም በላት፣ ይወጣላታል" የሚል ድምፃቸው ከእናቴ ጀርባ ተሰምቶኛል። ወሬ ግን አያወጡም። ይህን የምተርከውንም የነገሩኝ ጉዳዩ የራሴ ስለሆነ ነው።

ታወሩ ሲተከል ሁሉም ከአልጋው ሳይነሳ መደወል ጀመረ። እትዬ መሕቡባም ደስ ብሏቸው ስልክ ገዙ፤ ቁጥሩን ለመንደሩ ሁሉ አደሉ። እንደ ልማዳቸው ቆጮ ጋግረው ጠበቁ። የመጣ የለም፤ የደወለም የለም። ስልኩ የተበላሸ መስሏቸው ለጎረቤታቸው ለሰይዶ አሳዩት።

"ደህና ነው" አላቸው።

ተበላሽቷል ቢላቸው ይሻል ነበር። ሰው እንዲህ ነው፤ ጉዳዩ ካለቀ በርህን አያውቀውም።

ከርመው ከርመው አንድ ጠዋት በራቸውን ቆለፉ፤ ቡኢ ከተማ ወንድማቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠው ሰው እስኪሞላ ሲጠብቁ ስልኩ ጮኸ። ከእጃቸው ሊጥሉት ምንም አልቀራቸውም።

"መሕቡባ፣ አሰላሙ ዓለይኩም፣ ከድጄ ነኝ" አለች እናቴ። "በርሽ ምነው ተቆለፈ?"

"ወዓለይኩም ሰላም። ምን ፈለግሽ? ኔትወርኩ እንደሆነ ቤትሽ ድረስ ገባልሽ።"

"እሱ አይደል ያቃጠለኝ። ለሙባሪክ ስለ ሚስቱ የምነግረው አለኝ። እቤት እንዳልናገር ሳቢሪን ጆሮዋን ጥላለች። ነይ ክፈቺልኝ እባክሽ።"

ይህ ከመዘጋቱ ሌላ ተደወለ።

"እትዬ፣ ሳቢሪን ነኝ" አለች ሚስቴ በሹክሹክታ። "በጓሮ አጥር በኩል ቆሜያለሁ። ለሙባሪክ ስለ እናቱ የምነግረው ነበረኝ፤ እቤት እንዳልደውል አማቴ ይሰሙኛል። የት ሄደው ነው?"

እትዬ መሕቡባ ሳቃቸው አመለጣቸው። እንባም አመለጣቸው። ጓዛቸውን ይዘው ሲወርዱ ሾፌሩ፣ "እናቴ፣ ልንሄድ ነው እኮ፣ ወዴት ነው?" አላቸው።

"ወደ ቤቴ። እንግዳ መጥቶብኛል።"

የፊቱን በር ለአማት፣ የጓሮውን ለምራት ከፈቱ። እንዳይተያዩ አንዷን ከእንሰቱ ወዲህ፣ አንዷን ከእንሰቱ ወዲያ አስቀመጧቸው። ሳቢሪን ቀደመችና እኔን በስልክ ያዘችኝ፤ የእናቴን ክፉ ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ዘረዘረችልኝ። እናቴ በወዲህ በኩል ደጋግማ ትደውላለች።

"የዚህ ልጅ ስልክ ምን ሆኖ ነው የሚያዘው?" አለች ተናዳ። "ከማን ጋር ነው እንዲህ የሚያወራው?"

"ታገሺ፣ ይጨርሳል" አሏት እትዬ መሕቡባ፣ ቆጮውን እየቆረሱላት። "እስከዚያ ለእኔ ንገሪኝ።"