ዓይኔ የተባለችው

«ስሚያትማ፣ ከሚስትየዋ ብሳ ስታለቅስ!» አለች የሟች ባሏ እህት፣ ሻይ የምትቀዳ መስላ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጆሮ ጎንበስ ብላ። «ሐዘንም ይቀማል እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ የምታየው በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ሴት ነበር። ትከሻዋ ሰፊ፣ ጸጉሯ አጭር፣ ጉልበቷ ላይ ያጋደመቻቸው እጆቿ ወፍራም ናቸው። ከልብስ ሰፊዋ ባል ጋር ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ሰው የሞተባቸውንና ሰው የለቀቃቸውን ቤቶች ዕቃ ስታወጣ፣ ቆሻሻ ስትጭን የኖረች ናት። በባዶ እጁ አሮጌ ከረጢት የነካን ሁሉ ስለምትቆጣ ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «ጓንት» ይሏታል።

«እኔ ብሆን ኖሮ… እኔ ብሆን ኖሮ! ዓይን አጥቶ ሄደ!» ትላለች ጓንት በየመሃሉ።

ያን ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል። ውኃ የሚያቀርቡላት አሉ፤ ጀርባዋን የሚያሻሹላት አሉ። ልብስ ሰፊዋ ግን ባሏን ከቀበረች ወዲህ አንዲት ጠብታ አልወጣትም። ልቅሶዋ ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣና የዚያችን ሴት ድምፅ ሲሰማ ይመለሳል፤ ቦታው ተይዟል እንደተባለ ሰው።

ቅናቱ የዛሬ አልነበረም። ባሏ ማታ ማታ የሚገባው ታጥቦ ነበር። የሚሸተው ሳሙና እሷ የምትገዛው አይደለም፤ የለበሰው ሸሚዝም ጠዋት ለብሶት የወጣው አይደለም። የቆሻሻ ሠራተኛ ሚስት ሁሉ ባሌ ሸተተኝ ብላ ስታማርር፣ እሷ ባሌ አልሸተተኝም ብላ ትብሰለሰል ነበር።

«የት ታጠብክ?» ትለዋለች።

«ሥራ ቦታ።»

በቃ። የጠየቁትን ይመልሳል፣ ያልጠየቁትን ይዞ ይተኛል።

ከዚያ ያ የጠዋት ስልክ መጣ። ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል አጣብቆ፣ ጫማውን እያሰረ፣ «ዓይኔ፣ የዛሬው ቤት ደረጃው ጠባብ ነው አሉ፤ እንዳትቀሪብኝ» ሲል ሰማችው። መርፌው ጣቷን ወጋት። እሷን «አንቺ» ነው የሚላት፤ ሲደሰት «አንቺዬ»። ዓይኔ ብሏት አያውቅም። ብጠይቀው ይነግረኛል ብላ ፈራችና ሳትጠይቀው ቀረች። የሸሚዙን ቁልፍ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ላላ አድርጋ ትሰፋለት ጀመር፤ ሲበጠስ ያቺው ዓይኑ ትስፋለት ብላ። እሱ የተበጠሰውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እየያዘ ለሚስቱ ያመጣላታል። ይህንንም በክፉ ተረጎመችው።

«አንድ ቃል ብቻ በይኝ፣ አስወጣልሻለሁ» አለች የባሏ እህት።

«ተያት» ብላ ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ጓንት ባዶ ብርጭቆዎች በትሪ ይዛ ተከተለቻት። ዓይኗ አብጧል።

«እህቴ፣ ካስቸገርኩ…»

«እህትሽ አይደለሁም። ዓይኔ ይልሽ ነበር?»

ጓንት ትሪውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «አዎ። ሁላችንም እንባባላለን።»

«የሁላችሁም ባል ነበር ማለት ነው!»

«የሥራ ቃል እኮ ናት! ከባድ ዕቃ ደረጃ ሲወርድ አንዱ በጀርባው ይወርዳል። ዕቃው ስለሚጋርደው እግሩ የት እንደሚያርፍ አያውቅም። የሚያይለት ከላይ የያዘው ሰው ነው፤ ዓይን የምንለው እሱን ነው። የታችኛው ‹ዓይን!› ብሎ ይጠራል፣ የላይኛው ደረጃውን አይቶ ‹ውረድ› ወይም ‹ቁም› ይለዋል። ያለዚያ እግር አይነሣም።»

«ዓይን ሌላ፣ ዓይኔ ሌላ።»

ጓንት ለመሳቅ ምንም አልቀራት። «በስምንት ዓመት እኮ ሰው የያዘውን አካፋም አካፋዬ ይላል!»

«ሳሙናውስ?»

«እሱ የኔ ጭቅጭቅ ነው። የአሮጌ ጣሪያ ብናኝ፣ ሻጋታው፣ የአይጡ ኩስ… ለልጆቻችሁ ይዛችሁ አትግቡ፣ ታጥባችሁ ልብስ ቀይሩ እያልኩ አሰለቸኋቸው። ሌሎቹ ሲያዩኝ ይሸሻሉ። እሱ ግን አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ሚስቴ አቧራ አይስማማትም፣ ስትስል ታድራለች ይለኝ ነበር።»

«ሳሌን ሳይቀር ነግሮሻል» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ጓንት ብርጭቆዎቹን ከትሪው ላይ አንድ በአንድ አነሣች።

«በዚያ ቀንስ የት ነበርሽ?»

«መኪናው ላይ። አለቃችን ‹ቤቱ እስከ ቀትር ይለቀቅ ተብሏል፤ አንቺ ጫኚ፣ ቁም ሣጥኑን አዲሱ ሰውዬ ያግዘው› አለ። ለአዲሱ ቃሉን የነገረው የለም።» እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ደረቅ ነበሩ። «ባልሽ ከታች ሆኖ ‹ዓይን!› ሲል በመስኮቱ ሰማሁት። አዲሱ ሰውዬ ዓይኑ ውስጥ ብናኝ የገባበት መስሎት ‹ምን ገባበት?› አለው። በዚያ ወፍራም እንጨት ውስጥ ቃል አይለይም፣ የሚደርሰው ድምፅ ብቻ ነው። ባልሽ መልስ አገኘሁ ብሎ እግሩን አነሣ። ደረጃው ላይ ተጠቅልሎ የተረሳ ምንጣፍ ነበር። ‹ቁም!› ብዬ ጮኼያለሁ። ዘግይቼያለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዘች። ያን ቃል እሷም ሰምታው ነበር፤ እሷም ምን ማለት ነው ብላ አልጠየቀችም።

ይሄኔ ቅናቱ ይወጣላታል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። አልወጣላትም። ውሽማ ብትሆን ትጠላት ነበር፤ ጥላቻ ቢያንስ መግቢያ መውጫው ይታወቃል። ይህን ግን ምን ብላ ትጠራዋለች? የገዛ በሩን ቆልፎ ሁለቴ ተመልሶ የሚነካካ ሰው፣ በዚች ሴት ቃል ስንቱን ጨለማ ደረጃ በጀርባው ወርዷል።

«ዞር ብሎ አያይም ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«አንድም ቀን።»

ከሳሙናው ይልቅ ይህ አቃጠላት።

«እንግዲያው ልሂድልሽ» አለች ጓንት። «መምጣቴም…»

«የትም አትሄጂም። ተቀመጪ።» ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «ድምፅሽን ግን ቀንሺልኝ። አንቺ ስትጮሂ የኔ አይመጣም።»

ጓንት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ቀድማት ወጥታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠችና መዳፏን አፏ ላይ አደረገች።

ሳሎን ውስጥ የባሏ እህት ምን ተባባላችሁ በሚል ቅንድብ ትጠብቃለች። ጠረጴዛው ላይ ባሏ ከፎቶ ፍሬሙ ውስጥ ሆኖ እንግዶቹን ያያል፤ ለሁሉም እኩል ፈገግ ይላል። ልብስ ሰፊዋ ወንበሯን ከሰዎቹ መሃል ጎትታ ጠረጴዛው ጋ አስጠጋች። ፍሬሙን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ራሷ አዞረችው። ለእንግዶቹ የካርቶን ጀርባው ብቻ ቀረላቸው።

«እንዴ! እኛስ ማንን አይተን እናልቅስ?» አሉ አንድ አዛውንት ጎረቤት።

«እናንተ ይበቃችኋል» ልትላቸው አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ቃል አልነበረም።

ከበሩ በኩል ድምፅ አልመጣም።